የማይስማማንን ነገር ለማወቅ፦ ከብዙ መርፌ ወደ ጥቂት ጠብታ

 

እንደ ልማዳችን ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ተከተሉኝ። እኔ ሳነብ እናንተም መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። አንድ ቃል ቢያመልጣችሁ አትጨነቁ። ድምፄ ያልፋል፤ ጽሑፉ ግን እጃችሁ ላይ ይቀራል። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ደግማችሁ ታነቡታላችሁ።

እኔ በደብረ ብርሃን የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የዛሬው ንግግሬ ግን ስለ ጤና ነው። ለአንዱ ሰው የሚስማማ ነገር ለሌላው የማይስማማው ለምንድን ነው? የማይስማማንን ነገር ሐኪም በምን ያውቀዋል? ምርመራው ያማል ወይ? ሕመሙንስ ለመቀነስ ሰዎች ምን ሠሩ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን።

1. አለርጂ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ይህን ቃል እናንብብ፦ አ - ለር - ጂ። አለርጂ።

ቃሉ የውጭ ቃል ነው። ያወጣው ፎን ፒርኬ የተባለ የኦስትሪያ የሕፃናት ሐኪም ነው። ያወጣውም በ1906 ነው። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ የውጭ ቢሆንም ነገሩን እናውቀዋለን። እኛ "አይስማማኝም" እንላለን። አንዱ እንቁላል በልቶ ይጠግባል፤ ሌላው ያንኑ እንቁላል ቀምሶ ከንፈሩ ያብጣል። አንዱን ንብ ብትነድፈው ቦታው ብቻ አብጦ ይተወዋል፤ ሌላውን ብትነድፈው መላ ሰውነቱ ሽፍታ ያወጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዱ ቀኑን ሙሉ አውድማ ላይ ገብስ ሲወቃ ይውላል፤ ሌላው ገና እብቁ ሲነካው ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ደረቱ ያፏጫል።

ይህ ለምን ይሆናል? ሰውነታችን ጠባቂ አለው። ጠባቂው በደማችን ውስጥ አለ። የግቢ ውሻን አስቡ። ጥሩ ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ እንግዳ ሲመጣ ዝም ይላል። አንዳንዱ ውሻ ግን እንግዳውን ሌባ አድርጎ ያየዋል። ይጮኻል፣ ይናከሳል፣ ግቢውን ያተራምሳል። አለርጂም እንዲሁ ነው። እንቁላሉ መርዝ አይደለም። እብቁም መርዝ አይደለም። ጥፋቱ ጠባቂው እንግዳውን እንደ ጠላት መቁጠሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የሚያስለን ሁሉ አለርጂ አይደለም። በእኛ አገር ብርድ ኩበት ይነድዳል። የኩበት ጢስ የማንኛውንም ሰው ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል። ይህ የጢሱ ጉዳት እንጂ አለርጂ አይደለም። በርኖስ ስንለብስ አንገታችንን ያሳክከናል። ይህም ብዙውን ጊዜ አለርጂ አይደለም። የሻካራው ጠጉር ጫፍ ቆዳችንን ስለሚወጋው ነው። ለስላሳ ሸሚዝ ከውስጥ ብንለብስ ማሳከኩ ይቀራል።

ታዲያ አለርጂ የሆነውን ካልሆነው እንዴት እንለያለን? ምርመራ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

2. አንዲት እናት የጠየቁት ጥያቄ

በማታ ትምህርት ክፍላችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው 7 ዓመቱ ነው። ሌሊት ሌሊት ደረቱ ያፏጫል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጤና ጣቢያ ወስደውት "አስም ሳይሆን አይቀርም፤ ምን እንደሚያስነሣበት ግን መታወቅ አለበት" ተብለዋል። እኒህ እናት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቀርበው፣

"መምህር፣ ልጁን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ልንልከው ነው አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ 'ክንዱን ሃያ ቦታ ነው የሚወጉት' አለችኝ። እውነት ነው እንዴ? እኔስ እንዲህ ከሆነ አልወስደውም። ትንፋሽ ማጠሩ አንሶት በመርፌ ይበሳሳ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው" አልኳቸው። "ነገር ግን መርፌ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በፊት የነበረውና አሁን ያለው ይለያያል።"

የእኒህ እናት ፍርሃት የብዙ ወላጆች ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ምርመራን የፈራ ወላጅ ልጁን ቤት ያስቀራል። ቤት የቀረ የአስም በሽተኛ ደግሞ አንድ ሌሊት ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የምርመራ ሕመም መቀነስ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕይወት ማዳኛ ነው።

3. የቀድሞው ምርመራ

በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ቻርልስ ብላክሊ የሚባል ሐኪም ነበረ። ሣር በሚያብብበት ወራት ያስነጥሰው፣ ዓይኑን ያሳክከው ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ የራሱን ክንድ ጫረ። በጫረው ቦታ ላይ የሣር አበባ ብናኝ አደረገበት። ቦታው አበጠ፣ አሳከከው። ይህን ሥራውን በ1873 በመጽሐፍ አሳተመ። የቆዳ ምርመራ መነሻው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞች በሁለት መንገድ ይመረምሩ ነበር። አንደኛው ቆዳውን መጫር ነው። ሁለተኛው በቀጭን መርፌ በቆዳው መካከል ጥቂት ፈሳሽ መውጋት ነው። ሁለተኛው መንገድ ያማል። ፈሳሹ ቆዳውን ገፍቶ እንደ ጉብታ ያነሣዋል። አንድ ጊዜ ሲሆን ይቻላል። ለ10 ወይም ለ20 ነገር 10 ወይም 20 ጊዜ ሲሆን ግን ለሕፃን ልጅ ከባድ ነው። ደግሞም ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ስለሚበዛ በጣም የማይስማማው ሰው ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። በ1921 ሁለት የጀርመን አገር ሐኪሞች ነበሩ። አንዱ ፕራውስኒትዝ፣ ሌላው ኪስትነር ይባላሉ። ኪስትነር ዓሣ አይስማማውም ነበር። ፕራውስኒትዝን ግን ዓሣ ምንም አያደርገውም። ከኪስትነር ደም ውስጥ ውሃውን ለይተው አወጡ። ፕራውስኒትዝ ያንን ውሃ በገዛ ቆዳው ውስጥ ተወጋ። በማግሥቱ በዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ፈሳሽ ተወጋ። ቦታው አበጠ! ከዚህ ምን ተረዱ? ያ ጠባቂ በደም ውስጥ እንዳለና ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሊተላለፍ እንደሚችል ተረዱ።

ይህ ነገር ለሕፃናት እረፍት አመጣ። ሕፃኑ በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ወይም ቆዳው በሙሉ ቆስሎ ከሆነ፣ ከሕፃኑ ጥቂት ደም ይወሰዳል። የደሙ ውሃ በእናቱ ወይም በአባቱ ቆዳ ውስጥ ይወጋል። ከዚያ ምርመራው የሚደረገው በወላጁ ክንድ ላይ ነው። ወላጁ በልጁ ፈንታ ይወጋል ማለት ነው። የወላጅ ፍቅር ይህን ያህል ነው!

ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ቀረ። ለምን? ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ደም ሲተላለፍ የጉበት በሽታም አብሮ ሊተላለፍ እንደሚችል ስለታወቀ ነው። ሕመም መቀነስ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሕመሙን ቀንሶ በሽታ የሚጨምር መንገድ አይጠቅምም። ሌላ መንገድ ማግኘት ነበረባቸው።

4. ጠብታና ጫፍ

ሌላው መንገድ ይህ ነው። ፈሳሹን መውጋት ቀረና በቆዳው ላይ በጠብታ ማስቀመጥ መጣ።

ሐኪሙ ወይም ነርሷ የክንድን ውስጠኛ ክፍል ያጸዳሉ። በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ። በየምልክቱ አጠገብ አንድ አንድ ጠብታ ያስቀምጣሉ። አንዱ ጠብታ የቤት አቧራ፣ አንዱ የድመት ጠጉር፣ አንዱ የእህል ብናኝ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በትንሽ ሹል ጫፍ ጠብታውን አልፈው ቆዳውን ጫን ያደርጉታል። ጫፉ የሚገባው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ማስመሪያችሁን አውጡና 1 ሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ እዩ። የጤፍ ፍሬ ርዝመት ያህል ነው። ደም አይወጣም። ስሜቱ እንደ ቁንጥጫ ነው፤ ወዲያው ያልፋል።

ሁለት ተጨማሪ ጠብታዎች አሉ። አንደኛው የጨው ውሃ ነው። እርሱ ማበጥ የለበትም። ሁለተኛው ሂስታሚን የሚባል ነገር አለው። እርሱ በማንም ሰው ቆዳ ላይ ማበጥ አለበት። እነዚህ ሁለቱ የምርመራው ምስክሮች ናቸው። የጨው ውሃው ካበጠ ቆዳው በራሱ የሚቆጣ ነው ማለት ነው። ሂስታሚኑ ካላበጠ ደግሞ ሰውየው የማሳከክ ኪኒን ወስዶ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከሆነ ምርመራው አይታመንም።

ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። የማይስማማው ነገር ያለበት ቦታ የትንኝ ንክሻ መስሎ ያብጣል፣ ያሳክካል። እብጠቱ በማስመሪያ ይለካል። ከጨው ውሃው ቦታ በ3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ "አዎ፣ ጠባቂው ይህን ነገር ያውቀዋል" ይባላል። ብዙም ሳይቆይ እብጠቱ ይጠፋል።

በመካከለኛ ቆዳ የሚሰጠው መርፌ ግን ጨርሶ አልቀረም። ለፔኒሲሊንና ለንብ መርዝ ምርመራ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን ቀላሉ ምርመራ ካላሳየ በኋላ፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው።

5. የእኛ አገር ሕፃናት ያስተማሩት

ሰዎች ከዚህም አልፈው ሄዱ። "ቆዳውን ጨርሶ ሳንነካ በደም ብቻ ማወቅ አንችልም ወይ?" ብለው ጠየቁ።

በደም ውስጥ ያለው ያ ጠባቂ ምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አይታወቅም ነበር። በ1966 ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ ሆነው ለዩት። በ1967 ደግሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ ዮሃንሶንና ቤኒክ የሚባሉ ሰዎች በራሳቸው መንገድ ደረሱበት። በ1968 አይ-ጂ-ኢ የሚል ስም ተሰጠው። የኡፕሳላ ሰዎች በዚያው በ1967 የደም ምርመራ ሠሩ። ደም አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ ከእንቁላሉ ጋር፣ ከአቧራው ጋር፣ ከእህሉ ጋር የሚጋጠመው በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ነው። ልጁ ቤቱ ገብቶ ይጫወታል፤ ምርመራው ያለ እርሱ ይካሄዳል።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ አለቀ? አላለቀም። እዚህ ላይ አገራችን ኢትዮጵያ ትገባለች።

በ1968 ዮሃንሶን ከሌሎች ሁለት የስዊድን ሐኪሞች ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ ሕፃናትን ደም መረመረ። ትምህርት ቤት ያልገቡ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። በእነዚህ ልጆች ደም ውስጥ አይ-ጂ-ኢ ከስዊድን ልጆች እጅግ በዝቶ ተገኘ። ይበልጡን የበዛው ወስፋት ባለባቸው ልጆች ላይ ነበር። ልጆቹ ሁሉ አለርጂ ኖሮባቸው ነውን? አይደለም። ያ ጠባቂ ትልንም ይዋጋል። ትል ባለበት ሰውነት ውስጥ ጠባቂው ይበዛል።

ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። በደም ውስጥ ያለውን አይ-ጂ-ኢ በጅምላ ቆጥሮ "አለርጂ አለብህ" ማለት እንደማይቻል አሳየ። "ስንት ዘበኛ አለ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። "ዘበኛው የሚጮኸው በማን ላይ ነው?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስዊድን ውስጥ የተሠራ ምርመራ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዴት መነበብ እንዳለበት ያስተማሩት የእኛው ሕፃናት ናቸው።

ሌላም አለ። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጋር የተደረገ ጥናት በ1997 ታትሟል። ከ12,000 በላይ ሰዎች ስለ ትንፋሻቸው ተጠየቁ። ከእነርሱም የተወሰኑት በቆዳ ጠብታ ተመረመሩ። አስም በከተማው ሰው ላይ ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ ተገኘ። የቆዳው ማበጥ ግን በገጠሩም ሰው ላይ ነበር፤ እንዲያውም ከከተማው አላነሰም። ስለዚህ ቆዳው ያበጠ ሰው ሁሉ በሽተኛ አይደለም ማለት ነው።

በ2001 የታተመ ሌላ የጅማ ጥናት ደግሞ መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨቱ ነገር አነስ ብሎ እንደተገኘ አሳየ። ይህን ሰምታችሁ "እንግዲያው ትል ይኑረን" እንዳትሉ! መንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል፣ ልጅን ያቀጭጫል። የትል መድኃኒት መውሰድ አይቅር። ጥናቱ የሚጠቅመው የሰውነታችንን አሠራር ለመረዳት ነው።

ዛሬ ከጥቂት የደም ጠብታ ከ100 በላይ ነገሮችን የሚመረምር መሣሪያ አለ። ዋጋው ውድ ነው፤ በየቦታውም አይገኝም። የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ግን ከጅማና ከሕፃናቱ የተማርነው ሕግ አይሻርም። ይህን ሕግ ሁላችን ጮክ ብለን እናንብብ፦

ምርመራው ብቻውን አይናገርም። ከሰውየው ታሪክ ጋር ይነበባል።

6. የማያሳምመው ምርመራ

የሰውየው ታሪክ ስል ምን ማለቴ ነው? ምን በላ? የት ተኛ? ምን ነካ? ከስንት ደቂቃ በኋላ አመመው? ይህ ነው ታሪኩ። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ይህ ምርመራ መርፌ የለውም። ደብተርና እርሳስ ብቻ ይፈልጋል።

ወደዚያች እናት ልመለስ። "እትዬ፣ ወደ ሆስፒታል እስኪሄዱ ድረስ 4 ሳምንት አለዎት። በየቀኑ አንድ መስመር ይጻፉ" አልኳቸው። ጀመሩ። በመጀመሪያ ፊደሉ ጠማማ ነበር። ቀኑን ይጽፋሉ፤ "ደህና አደረ" ወይም "አፏጨ" ይጽፋሉ፤ የት እንደተኛ ይጽፋሉ። አስቸጋሪውን ቃል 5ኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ትረዳቸዋለች።

4 ሳምንት ሲሞላ ደብተሩ ራሱ ተናገረ። ልጁ አውድማ ውሎ ያደረባቸው ሌሊቶች ከሌሎቹ አልከፉም። የከፉት ሌሊቶች አያቱ ዘንድ ያደረባቸው ናቸው። እዚያ የሚተኛው በጓዳ ውስጥ፣ ፀሐይ ነክቶት በማያውቅ አሮጌ ዝተት ላይ ነበር።

ሐኪሙ ይህን ደብተር ሲያነብ ሃያ ጠብታ አላስፈለገውም። ምስክሮቹን ጨምሮ 6 ጠብታ በቃው። የቤት አቧራው ጠብታ አበጠ። የቤት አቧራ ውስጥ በዓይን የማትታይ ትንሽ ተባይ አለች። በፍራሽ፣ በትራስና በወፍራም የሱፍ ልብስ ውስጥ ትኖራለች። ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት ትበላለች። ልጁን ያስቸገረችው እርሷ ነበረች።

እናቲቱ ያ ሁሉ መርፌ የቀረላቸው በምን ምክንያት ነው? በራሳቸው ጽሕፈት ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ምን ይደረጋል? የሚታጠበው የመኝታ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ ገደማ በሚሆን ሙቅ ውሃ ይታጠብ። የማይታጠበው ባናና ዝተት ልጁ በሌለበት፣ ከቤት ውጭ ይራገፍ፤ ደጋግሞ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ልጁ አሮጌ የሱፍ ልብስ ላይ አይተኛ። ሐኪም ያዘዘለት የሚሳብ መድኃኒት ሳይቋረጥ ይወሰድ።

7. ልጅን በመርፌ አናስፈራራ

እንደ መምህርነቴ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎቻችን ልጅ ሲያስቸግር ምን እንላለን? "ዝም በል! ሐኪሙ ይወጋሃል!" እንላለን። በዚህ ቃል ልጁ ሐኪምን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። የሚታከምበት ቀን ሲመጣ ከመርፌው በፊት ፍርሃቱ ያሳምመዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ስለ ክትባት መርፌ ሕመም ምክር አውጥቶ ነበር። ምክሩ ለሌላ መርፌም ይጠቅማል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሕፃን ልጅ ሲወጋ በእናቱ እቅፍ ይሁን። የሚጠባ ከሆነ እየጠባ ይወጋ። ከፍ ያለውን ልጅ ቀና አድርገን እናስቀምጠው እንጂ በግድ አናጋድመው። ወሬ እያወራን፣ እያስቆጠርን ሐሳቡን እንውሰድለት። "ምንም አያምም" ብለን አንዋሸው፤ "ትንሽ ይሰማሃል፣ ወዲያው ያልፋል፣ እኔ አብሬህ ነኝ" እንበለው። አንድ ጊዜ የተዋሸ ልጅ ሁለተኛ አያምነንም።

8. መጠንቀቅ ያለብን

አንደኛ፣ በቤታችን ምርመራ አንሞክር። "ይስማማው እንደሆነ ልየው" ብሎ ንብ ማስነደፍ፣ ከንፈሩ ያበጠበትን ምግብ ደግሞ ማብላት አደገኛ ነው። የጠብታ ምርመራም የሚደረገው መድኃኒትና ባለሙያ ባለበት ቦታ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳይመረመር ከልጅ ላይ ምግብ አንቀንስ። በጥርጣሬ ብቻ ወተትና እንቁላል የተከለከለ ልጅ ይከሳል፣ ይቀጭጫል።

ሦስተኛ፣ ከምርመራ በፊት የምንወስደውን ኪኒን ሁሉ ለሐኪም እንንገር። የማሳከክ ኪኒን ምርመራውን ያሳስታል። የአስም መድኃኒት ግን በራሳችን ፈቃድ አናቋርጥ።

አራተኛ፣ እነዚህን ምልክቶች እንወቅ። አንድ ሰው ከበላ፣ ከተነደፈ ወይም ከተወጋ በኋላ ሰውነቱ በሙሉ ሽፍታ ካወጣ፣ ጉሮሮው ከታነቀ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ራሱን ከሳተ ጊዜ አይሰጥም። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እዚያ አድሬናሊን የሚባለው መድኃኒት ጭኑ ላይ ይወጋል። ይህ መርፌ አይፈራም፤ ነፍስ ያድናል።

9. አንዲት ቁራጭ ወረቀት

በመጨረሻ ስለ ፔኒሲሊን ልናገር። ፔኒሲሊን ብዙ ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው። ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን የሚጎዳ በሽታ አለ። ይህ በሽታ ያለበት ልጅ ልቡ ይበልጥ እንዳይጎዳ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። ለዓመታት ይወጋል።

ፔኒሲሊን በእውነት የማይስማማው ሰው አለ። እርሱ ቢወጋ ሊሞት ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ "አይስማማኝም" እያለ የሚኖር፣ በእውነት ግን የሚስማማው ሰው አለ። በሌሎች አገሮች እንዲህ የሚሉ ሰዎች ሲመረመሩ ከ10 ሰዎች 9 ያህሉ መድኃኒቱ ምንም አላደረጋቸውም። ወይ በልጅነታቸው የወጣባቸው ሽፍታ ከሌላ በሽታ ነበር፤ ወይ አለርጂው ከጊዜ በኋላ ለቋቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሳይመረመር ከቀረ የሚያድነውን መድኃኒት ያጣል።

ሁለቱን ሰዎች የሚለያቸው ምንድን ነው? የመድኃኒቱ ስምና የሆነው ነገር ተጽፎ መገኘቱ ነው። "አንድ ነጭ መርፌ ወግተውኝ አመመኝ" ብሎ የሚናገር ሰው ሐኪሙን አይረዳውም። ነጭ መርፌ ብዙ ነው። "ፔኒሲሊን" ብሎ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ግን ሐኪሙን ይረዳል፤ ራሱንም ያድናል።

እንግዲህ የዛሬው የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ከደብተራችሁ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቅደዱ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ስሜ ............
የማይስማማኝ መድኃኒት ወይም ምግብ ............
ያደረገኝ ነገር ............
የሆነበት ዓመት ............

የማይስማማችሁ ነገር ከሌለ "የለም" ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቱን ከመታወቂያችሁ ጋር አድርጉት። ለልጆቻችሁም ለየራሳቸው ጻፉላቸው። የመድኃኒቱን ስም ካላወቃችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ "ስሙን ይጻፉልኝ" በሉ። መብታችሁ ነው። ከዚያም ስሙን ራሳችሁ ገልብጡት።

አሁን በየቡድናችሁ ሆናችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1ኛ. የኩበት ጢስ ማስሳሉ አለርጂ ነውን? ለምን?
2ኛ. በጠብታ ምርመራ ጊዜ ምስክሮቹ ሁለት ጠብታዎች ምን ምን ናቸው?
3ኛ. የኢትዮጵያ ሕፃናት ደም በ1968 ምን አስተማረ?
4ኛ. በቤታችሁ ልጅን በመርፌ የማስፈራራት ልማድ አለ ወይ? በምን ትተኩታላችሁ?

ማንበብ የጀመራችሁ ለጎረቤት አንብቡለት። መጻፍ የጀመራችሁ መጻፍ ለማይችለው ወረቀቱን ጻፉለት።

ለዛሬ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ። ደህና ሁኑ፤ ጤና ሁኑ።